ቀለሙ የደረቀ መኪና

ያኔ በቱላ በኩል ባለው አቧራማ ሜዳ ላይ አሮጌ ፊያትና ቮልስ እየጠጋገንን እንወዳደር ነበር። አንድ ቀን ማኅበራችን «ከእንግዲህ የምትወዳደሩት ሁላችሁም በአንድ ዓይነት መኪና ነው፤ በአዲሱ ዲዛይን ላይ ተወያዩ» ብሎ ሀዋሳ ሰበሰበን። ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ለጠፉልን። የነዳጁ ታንከር ከሹፌሩ መቀመጫ ሥር! በዕድሜ የሚበልጡን ተወዳዳሪ ጋሽ ወርቁ ብድግ አሉና በእሳት የተኮማተረ እጃቸውን አሳዩ። «ይህን እጅ እዩት። እኔን ያቃጠለኝ ታንከር እንኳ ከኋላዬ ነበር። እባካችሁ ልጆቹን አትማግዱ!» አንድ ሳንቀር ደገፍናቸው፤ እኔማ ጮኼ ጮኼ ድምፄ ተዘጋ። ሰብሳቢው ሁሉንም በትዕግሥት ሲጽፍ ቆየና ፈገግ ብሎ «ሐሳቡን ስላዳበራችሁልን እናመሰግናለን። አሁን መኪናውን እንመርቅ» አለ።

የምን መኪና? ግራ ገብቶን ተከትለነው ወጣን። ጓሮ ውስጥ ሸራውን ሲገልጡት ያ ሥዕል ብረት ሆኖ ቆሟል፤ በሩ ላይ የእኔ የመወዳደሪያ ቁጥር ተጽፎበታል። «ጋሽ ወርቁ፣ ኧረ አንድ ነገር ይበሉ!» አልኳቸው። በዚያ በተኮማተረ እጃቸው በሩን ዳሰስ አደረጉት።

«ምን ልበል ልጄ?» አሉኝ። «ቀለሙ እኮ ደርቋል።»