ሥዕሉ እስኪያልቅ

(እንድብር አጠገብ ባለ መንደር፤ ውድነሽ በሟች እናቷ የእንሰት ማሳ መሃል በርጩማ ላይ ተቀምጣ በፓስቴል፣ በባለ ቀለም ጠመኔ፣ ትስላለች፤ ታላቅ ወንድሟ ሳህሌ መቆፈሪያ የያዙ ሠራተኞችን በር ላይ አቁሞ መጥቷል።)

ሳህሌ፦ አረንጓዴ ያው አረንጓዴ ነው። አንዱን ጠመኔ ያዢና ለቅልቀሽ ተነሺ።

ውድነሽ፦ ብለቀልቀው ኖሮ ትናንት ተነስቼ ነበር፣ ጋሼ።

ሳህሌ፦ ሠራተኞቹ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። የባህር ዛፉ ችግኝ መኪና ላይ እየጠወለገ ነው። አንቺ እዚህ ተደላድለሽ ቀለም ታቦኪያለሽ።

ውድነሽ፦ ማን ማል አለህ? እሁድ ሽማግሌዎች ፊት ቆመህ «ውድነሽ የእማዬን ማሳ ስላ እስክትጨርስ አንድ እንሰት ብነቅል የአባቴ አጥንት ይፋረደኝ» ያልከው አንተ ነህ።

ሳህሌ፦ ሳይቸግረኝ ጤፍ ብድር። ሥዕል የአንድ ከሰዓት ሥራ መስሎኝ ነዋ።

ውድነሽ፦ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።

ሳህሌ፦ እሺ፣ ምን ቀረሽ? ለእኔ ያለቀ ነው የሚመስለኝ።

ውድነሽ፦ ዳር ያለው እንሰት እፊቴ ካለው ጋር አንድ ሆኖብኛል። ወልቂጤ ያስተማረችን መምህርት «አረንጓዴን ከሳጥኑ እንዳወጣችሁት አትቀቡ» ትለን ነበር። ሩቁ ላይ ሰማያዊ ይደረባል፣ ቅርቡ ላይ ቢጫ። ከሁሉም ሥር ግን መጀመሪያ ቀይ።

ሳህሌ፦ ለእንሰት ቀይ?

ውድነሽ፦ ና እየው። የቅጠሉ መሃል አጥንት ምን ይመስላል?

ሳህሌ፦ ይሁን፣ ቀላ ይላል። ለዚህ ነው ታዲያ ሰው በር ላይ የሚገተረው?

ውድነሽ፦ ማን ጠራቸው? ይሂዱ።

ሳህሌ፦ ስሚ፣ ባህር ዛፍ አጠና ይሆናል፣ አጠና ገበያ አለው። የእኔ ልጆች ቆጮ ሲያዩ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ይህን ሁሉ ብቻሽን ልትፍቂው ነው?

ውድነሽ፦ እፍቀዋለሁ። አንተ ወልቂጤ ሱቅህ ውስጥ ስትቀመጥ እማዬን እስከ መጨረሻዋ ያበላት ይኼ ማሳ ነው። ተናድጃለሁ፣ ጋሼ። በእጇ የተከለችውን እየነቀልክ ስትጥል ቁጭ ብዬ አላይም።

ሳህሌ፦ ቁጭ ብለሽ እኮ ነው ያለሽው።

ውድነሽ፦ ገና እቀመጣለሁ።

ሳህሌ፦ ደግሞ ይቺን በግራ በኩል ያለችውን ለምን አጠቆርሻት?

ውድነሽ፦ ጥላ ውስጥ ናት። ጥቁርም አልነካሁ፣ ወይን ጠጅ ነው የደረብኩት።

ሳህሌ፦ አበዛሽው። እሷ ጥላ ውስጥም ሆና ትፈካለች። እማዬ እበት የምታበዛው ለእሷ ነበር፣ በልጅነታችን እንኳ አታስጠጋንም።

ውድነሽ፦ እና ይህችኑ ነው የምታስነቅላት?

ሳህሌ፦ አትለማመጪኝ። አስተካክያትና ተነሺ።

ውድነሽ፦ ይኸው፣ ቢጫ ጨመርኩላት። አሁንስ?

ሳህሌ፦ አሁን እሷን መሰለች። ሩቁ ሰማያዊ ሆነ፣ ቅርቡ ቢጫ ሆነ፣ ቀዩም ገባ። አለቀ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ እኔ በቃሌ ከታሰርኩ አንቺም በቃልሽ ተነሺ። ሰዎቹን ልጥራ።

ውድነሽ፦ ጥራቸው። ይቺ ባዶዋ ግን እንዴት ትሁን?

ሳህሌ፦ የቷ ባዶ?

ውድነሽ፦ መሃል ላይ፣ ወረቀቱ ነጭ የሆነባት። እዚያ ያለችውን አልሳልኳትም።

ሳህሌ፦ እዚያ ምን አለና? አፈር ነው።

ውድነሽ፦ ቅጠሉን ገለጥ አድርገህ ጎንበስ በል።

ሳህሌ፦ ይቺ? ክንድ የማትሞላ ቡቃያ? መቼ ተተከለች ደግሞ?

ውድነሽ፦ እሁድ፤ አንተ ምለህ ሽማግሌዎቹን ልትሸኝ እንደወጣህ።

ሳህሌ፦ አንቺ ሴትዮ። በይ ሳያት፤ ሁለት ጭረት ናት፣ እዚሁ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ውድነሽ፦ የቡቃያ አረንጓዴማ አለኝ። የምፈልገው አድጋ፣ ቅጠሏ ሰፍቶ፣ ለመፋቅ ስትደርስ የምታወጣውን ነው። ሰባት ዓመት ታገሰኝ፣ ጋሼ።