ጳጉሜን የማያውቅ ማሽን

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን አቶ ተስፋሚካኤል፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤ ይህን ድግስ ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ እግዜር ያክብርልኝ። አዳራሹን አሳምራችሁታል፣ ምግቡም ሞልቷል። ግን ልጠይቅ? እንዲህ የምትወዱኝ ከሆነ እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ? ደስታው ስለኖርኩ ነው ወይስ ስለምሄድ?

አትሳቁ። ጠርጣራ መሆኔን ታውቃላችሁ። ከሳሪስ ታክሲ ስይዝ ረዳቱ «ቃሊቲ! ቃሊቲ!» እያለ ጉሮሮው እስኪነቃ ሲጮህ እንኳ፣ «ቃሊቲ ነው?» ብዬ ሳልጠይቅ አልገባም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ! በዚህ የጤና ጥናት ቢሮ ከየቤቱ የተሰበሰበውን መረጃ ከኤክሴል ወደ ስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ ሳስገባ ኖሬ፣ አንድም ቁጥር በመጀመሪያ እይታ አምኜ አላውቅም።

ሚሊኒየሙን ባከበርንበት መስከረም የሆነውን፣ አዲሶቹ ስለማታውቁት ልንገራችሁ። ሐጀራ ያኔ መረጃ ሰብሳቢ ነበረች፤ የተቀጠረችው ከዚያ በፊት በ1999 ጥር ላይ ነው። በቱሉ ዲምቱ በኩል ቤት ለቤት እየዞረች ተቅማጥ የያዛቸውን ሕፃናት ትመዘግባለች። የሶፍትዌሩ ውጤት ሲወጣ ጉድ ፈላ። ሐጀራ ኅዳር 13 ቀን 1999 ቤቶች ጎብኝታለች ይላል። ሳትቀጠር!

ግምገማ ተጠራ። ግምገማ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም፣ ሁላችሁም ቀምሳችሁታል። አንዱ ተነሥቶ «ቤቷ ቁጭ ብላ ነው የሞላችው» አለ። ሌላው «እኔማ ቀድሞም ጠርጥሬያለሁ» አለ። የስንብት ደብዳቤዋ የቀረው ፊርማ ብቻ ነበር። እናቷና ታናናሾቿ የሚያድሩት ደግሞ በእሷ ደሞዝ ነው።

እኔም ጠረጠርኩ፣ ለምን እዋሻለሁ? ግን ሰው ስጠረጥር ሄጄ እሱኑ እጠይቀዋለሁ። ኮሪደር ላይ ስታለቅስ አገኘኋት።

«እነዚያን ቤቶች የጎበኘሽ ቀን ምን አየሽ?» አልኳት።

«እትዬ አስካለች፣ ዝናቡ አይጣል ነበር። ልጆቹ ራቁታቸውን ዝናብ ላይ ይጨፍራሉ። ‹ኧረ ይታመሙባችኋል› ስላቸው፣ እናቶቹ ‹ተያቸው፣ ሩፋኤል ነው› አሉኝ።»

የሩፋኤል ዝናብ በኅዳር? ማን ሰምቶ ያውቃል? ሩፋኤልማ ጳጉሜ 3 ነው!

ወደ ኮምፒዩተሩ ተመለስኩ። አሁን ጥርጣሬዬ በሙሉ እሱ ላይ ሆነ። ሐጀራ ኤክሴሉ ላይ 3/13/1999 ብላ በትክክል ጽፋለች፤ ቀን ሦስት፣ ወር አሥራ ሦስት። ሶፍትዌሩ ግን የፈረንጅ ነው፣ አሥራ ሦስተኛ ወር የት ያውቃል? ማንንም ሳያማክር ገለበጠው። ቀኑ አሥራ ሦስት፣ ወሩ ሦስት ሆነና ጳጉሜያችን ኅዳር ሆና አረፈችው።

የቀኑን አምድ በሙሉ ወደ ቴክስት፣ ማለትም ወደ ተራ ጽሑፍ፣ ቀየርኩትና እንደገና አስገባሁት። ቀን መሆኑን ካላወቀ ምኑን ይገለብጣል? እንደተጻፈው አነበበው። አቶ ተስፋሚካኤል ደብዳቤውን ፊታችን ቀደዱት፤ ይህን አልረሳልዎትም ጌታዬ። «ቀድሞም ጠርጥሬያለሁ» ያለው ሰው ግን ይኸው እዚህ ተቀምጦ ጥብሱን እየበላ ነው። ስሙን አልጠራም፣ እንዳያንቀው።

ከነገ ጀምሮ ወንበሬ ላይ የምትቀመጠው ሐጀራ ናት። አዲስ ሶፍትዌር ይመጣል ተብሏል፣ ዘመናዊ ነውም ተብሏል። ልጄ፣ ማንም ቢያሞግሰው ቀኖችሽን በቴክስት አስገቢ።

ግምገማው ላይ ሁላችንም የተማርን ነበርን። ማሽኑ ያለውን ይዘን ልጅቷን ልናባርራት ስንል፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ተነሥቶ ያነጋገራት አልነበረም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያመኛል።

በሉ ደህና ሁኑ። ዕድሜና ጤና አይንሳችሁ፣ ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። ክፉ ቀን ከመጣም፣ እንደሚመጣ ደግሞ እጠረጥራለሁ፣ ሳይፈርድ የሚጠይቃችሁ ሰው አያሳጣችሁ።