ከሁለቱ የቴፕ ማሽኖች ስለሚታመነው የተሰጠ ቃል

የምስክሩ ስም፦ ይሻው ጥላዬ
ዕድሜ፦ 67
አድራሻ፦ ደብረ ታቦር ከተማ፣ ቀበሌ 03
ሥራ፦ በኮንትራት የኮምፒውተር መዝገብ ቅጂ ያዥ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ግንቦት 15 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት

ትናንት ለዚሁ ፖሊስ ጣቢያ የሰጠሁት ቃል ሐሰት ስለሆነ ሳልጠራ በራሴ መጥቻለሁ። ከበሩ ሁለት ጊዜ ፈርቼ ተመልሻለሁ። በዚያ ቃሌ ምክንያት የሥራ ባልደረባዬ ሜሮን ፋሲካ ታስራለች።

የምንሠራው የገበሬው የመሬት ይዞታ በኮምፒውተር በሚመዘገብበት ክፍል ነው። የመዝገቡ ቅጂ በየቀኑ በቴፕ ካሴት ይያዛል። የእኔ ማሽን ካሴቱን በእጅ የሚያጎርሱት አሮጌው ነው። የሜሮን ላይብረሪ የሚባለው፣ ሃያ አራት ካሴት ይዞ በብረት እጅ ራሱ እያነሳ የሚያጎርሰው አዲስ ሣጥን ነው። በመጋቢት ወር ኃላፊያችን አቶ ደሳለኝ የትኛው እንደሚታመን አወዳድሬ እንድጽፍ አዘዙኝ። የላይብረሪው እጅ ሦስት ጊዜ መቆሙን ጽፌ የእኔው ይታመናል ብዬ ደመደምኩ። በእኔ ማሽን ላይ መጽዳት እንዳለበት የሚያመለክተው ቢጫ መብራት ዘጠኝ ጊዜ መብራቱን ግን በብልሽት አልቆጠርኩም። ካሴቶቼ ተመልሰው መነበባቸውንም አንድም ቀን አልሞከርኩም።

ግንቦት 13 ቀን ቢጫው መብራት እንደገና በራ። የማጽጃው ካሴት አልቆ ስለነበር በአረቄ ላጸዳው ብዬ አረቄ ሻጯ ወይዘሮ ፈንታነሽ ዘንድ ሄድኩ። "ጋሼ፣ አንቱም ጀመሩ?" አለችኝ። ለመንግሥት ማሽን ነው ስላት "እንግዲያስ ከደህናው ነው የምቀዳለት" ብላ ሰጠችኝ። መጠጥ በአፌ ዞሮ ስለማያውቅ ደህናው ያለችው ማር እንዳለበት ሳልለይ በጥጥ ነክሬ የማሽኑን ማንበቢያ ጠረግኩበት።

በማግስቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ሲመለስ ዋናው ኮምፒውተር ተቃጠለ፤ የላይብረሪውም እጅ ደርቆ ቀረ። ሜሮን "ጋሼ፣ ካሴቶቹ ደህና ናቸው፤ ሣጥኑን ፈትቼ ላውጣቸው" ስትለኝ "እጅሽን ሰብስቢ፣ የእኔ ይበቃል" አልኳት። ካሴቴን አጎረስኩ። ማሽኑ ጮኸ፤ ቴፑ በማሩ ተጣብቆ ተበጠሰ። አልሸነፍም ብዬ የቀሩትን አራቱንም አከታትዬ አጎረስኩ፤ ሁሉንም በላቸው። የስንቱ ገበሬ ወሰን በእጄ ጠፋ ብዬ ስለፈራሁ ፖሊስ ሲጠይቀኝ ያጠፋችው ሜሮን ናት አልኩ።

ይህ ቃል በራሴ ላይ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል መርማሪው ነግረውኛል። ገብቶኛል። የቀረው ቅጂ በላይብረሪው ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ሜሮን ተፈትታ ካሴቶቹን በሌላ ማሽን እንድታስነብብ እጠይቃለሁ። እኔ እንድነካቸው አይፈቀድልኝ።

የተጻፈውን ራሴ አንብቤዋለሁ፤ ያልኩት ይኸው ነው፣ የምቀንሰውም የምጨምረውም የለም።

ቃል ሰጪ፦ ይሻው ጥላዬ (ፊርማ)
ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ሳጅን አለሙ ጥበቡ (ፊርማ)