በስልክ «ባልሽ ነኝ» ያለው ሰው

የምስክር ቃል
ምስክር፦ የመልሶ ማገገሚያ ክፍል ነርስ፤ ጾታ ሴት፤ ዕድሜ 43
አድራሻ፦ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ የሠራተኞች መኖሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቃል የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ ጥር 14፣ ከቀኑ 8፡30
ጉዳዩ፦ የታካሚ ድምፅ አስመስሎ በስልክ ማታለል ተፈጽሟል ስለመባሉ

ስለጉዳዩ የማውቀውን እንዳስረዳ ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። የአቤቱታ አቅራቢዋ ባለቤት በክፍላችን የተኙ የ61 ዓመት ታካሚ ናቸው። የእግር ኳስ ዳኛ ስለነበሩ ሁላችንም «ዳኛው» እንላቸዋለን። ከአራት ወር በፊት ስትሮክ አጋጥሟቸው ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ መተንፈስም ስላቃታቸው አንገታቸው ላይ ተቀዶ የመተንፈሻ ቱቦ ገባላቸው። አየሩ በቱቦው ስለሚወጣ ድምፅ አልነበራቸውም። የሚፈልጉትን በግራ እጃቸው ያመለክታሉ፤ መርፌ ሲበዛባቸው ደግሞ የቀጠሮ ካርዳቸውን ከፍ አድርገው ያሳዩናል። ከክፍሉ ሠራተኛ ካርድ ያላየ የለም።

ሐኪሙ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ፣ የንግግር ሕክምና ባለሙያዋና እኔ ዘወትር ጠዋት አልጋቸው አጠገብ ቆመን በዕለቱ ሥራ እንስማማለን። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ አየሩ በጉሮሯቸው እንዲወጣ ቱቦው አፍ ላይ ትንሽ ክዳን እየገጠምን እናለማምዳቸው ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሦስት ደቂቃ ሙሉ ሳል ብቻ ሆነ። ዛሬ ከጠዋቱ 4፡20 ላይ ፊዚዮቴራፒስቱ ቀና አድርጎ አስቀመጣቸው፤ እኔ አክታቸውን በመሣሪያ መጠጥኩ፤ ባለሙያዋ ክዳኑን ገጠመች። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ስልክ» አሉ። በአራት ወር የመጀመሪያ ቃላቸው ስለሆነ እንቢ ለማለት አንጀቴ አልቻለም። የራሴን ስልክ ሰጠኋቸው፤ የባለቤታቸውን ቁጥር በቃላቸው ነገሩኝ።

ድምፃቸው የሻከረና ቀጭን ነበር። «እኔ ነኝ፤ ባልሽ ነኝ» አሉ። ባለቤታቸው «ባሌ አይናገርም። በታመመ ሰው ትቀልዳለህ? ቆይ፣ አሳይሃለሁ» ብለው ዘጉት። ደጋግመን ብንደውልም አላነሱም። ዳኛው ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆኖ የኦክስጅን መለኪያው ስለጮኸ ክዳኑን አንስተን አሳረፍናቸው።

ከቀኑ 6፡10 ላይ ባለቤታቸው የተደወለበትን ቁጥር ይዘው ከመርማሪ ፖሊስ ጋር መጡ። መርማሪው ስልኩ የማን እንደሆነ ሲጠይቅ የእኔ ነው አልኩ። ማን እንደተናገረበት ሲጠይቅ አራታችንም ወደ አልጋው አመለከትን። ባለቤታቸው ወደ እኔ ዞረው «ሲስተር፣ ከአንቺ አልጠበቅሁም» አሉኝ፤ በዚህ በጣም አዘንኩ። መርማሪው ክዳኑ አሁኑኑ እንዲገጠም ጠየቀ። ባለሙያዋ ትንፋሻቸው ሳይታይ በፖሊስ ትእዛዝ የሚገጠም ነገር እንደሌለ ነገረችው፤ እሱም ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሐኪሙ ደረታቸውን አዳመጠ፤ እኔ በድጋሚ አክታ መጠጥኩ፤ መለኪያው 96 ሲያሳይ ተስማምተን ገጠምነው።

ዳኛው «እኔ ነኝ አልኩሽ» አሉ። ከንፈራቸው እምብዛም ስለማይንቀሳቀስ ባለቤታቸው የተቀረጸ ድምፅ መስሏቸው ትራሱን አንስተው ከሥሩ ፈተሹ። ምንም ሲያጡ «እስቲ ከሆንክ፣ በሠርጋችን ቀን ሁለት ሰዓት ለምን ዘገየህ?» ብለው ጠየቁ።  ዳኛው «ጨዋታው ጭማሪ ሰዓት ገባ» አሉ።

ባለቤታቸው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱም፣ ሳቁም። «ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ መኪና ተበላሽቶ ነው ስትለኝ ኖርክ» አሉ። መርማሪው አቤቱታቸውን ይቀጥሉበት እንደሆነ ጠየቃቸው። የስልኩን እንደተዉት፣ የሠርጉን ግን ራሳቸው እንደሚይዙት ገለጹ። የዳኛውን ግራ እጅ ግን እኔ ከክፍሉ እስክወጣ ድረስ አልለቀቁም ነበር።

ቃሌ ተነብቦልኛል፤ ያልሆነ አልጨመርኩም፣ የሆነም አልደበቅሁም። ስልኬን በመስጠቴ አልጸጸትም፤ ለወደፊቱ ግን ቤተሰብን አስቀድሜ አስጠነቅቃለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________
የመርማሪው ፊርማ ____________
ተጨማሪ ፊርማ፣ በግራ እጅ ____________ (ታካሚው ሳይጠየቁ ልፈርም ስላሉና ፊዚዮቴራፒስቱም የዕለቱ የእጅ ልምምድ ይሁንላቸው ስላለ የተፈቀደ።)