ከድር እናቱ ፊት የለቀቃት ኳስ

በእኛ ጊዜ ሰው ወደ ቡድን ተመርጦ አይመጣም ነበር፣ ራሱ ነው የሚመጣው። ማሊያውን በፌስታል አንጠልጥሎ "እኔም ልግባ?" ይላል፣ ግባ ይባላል፣ አለቀ። ሰላም፣ ስልኩን ወደዚህ አስጠጊው፣ ድምፄ ደህና እንዲቀዳ። የአዲሱ ቡድን ጸሐፊ አንቺ አይደለሽ? እንግዲህ የድሮው ቡድን እንዴት ፈረሰ ብላችሁ ከመጣችሁ፣ ሳልቀንስ ሳልጨምር ልንገራችሁ፣ ጥፋቴንም ጭምር።

እኔ ያኔ የኤርፖርት ሻትል እነዳለሁ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ እዚሁ ቢከን ሂል ሜዳው ላይ ልጆቹን አሠለጥናለሁ። አሠልጣኝ ስላችሁ ወረቀት ያለኝ እንዳይመስላችሁ፤ ቡታጅራ ሳለሁ ለትምህርት ቤት ተጫውቻለሁ፣ ፊሽካ ነበረኝ፣ ከሁሉም በዕድሜ እበልጣለሁ፣ በቃ።

በረኛችን ከድር ነበር። እናንተ አታውቁትም። የወራቤ ልጅ ነው፣ ረጅም፣ ዝምተኛ። ፌደራል ዌይ፣ ከዚህ ራቅ ያለ ከተማ ነው የሚኖረው፣ ሥራው ሆም ኬር ነው፣ አንድ አልጋ ላይ የዋሉ ፈረንጅ ሽማግሌ ያነሳል፣ ያጥባል፣ ያበላል። ታዲያ ፌደራል ዌይ የራሱ ቡድን አለው፣ የሚለማመዱት ደጃፉ ላይ ነው ማለት ይቻላል፣ እና ስንቴ ለመኑት! እሱ ግን እሑድ ጠዋት የአይ ፋይቭን አውራ ጎዳና ይዞ፣ ዝናብ ቢሆን ትራፊክ ቢሆን፣ እኛ ጋ። "አንተ፣ ምን ያስለፋሃል?" አልኩት አንድ ቀን። "ጋሼ፣ አዲስ በመጣሁ ሰሞን ማንንም ሳላውቅ ና ብላችሁ ያጫወታችሁኝ እናንተ ናችሁ" አለኝ። ዐሥራ አንድ ዓመት ቆመልን። ዐሥራ አንድ ዓመት!

ጎል ሲገባበት ምን ያደርግ መሰላችሁ? አይጮህም፣ ተከላካይ አይሰድብም። ኳሷን ራሱ ከመረብ ያወጣና፣ በማሊያው ይጠርጋትና፣ "የኔ ናት፣ ቀጥሉ" ይላል። የማንም ጥፋት ይሁን፣ "የኔ ናት"።

እና ሊጉ ስድስት ቡድን ነበረው። ችግሩ፣ አዲስ ጎበዝ ልጅ ከአገር ቤት ሲመጣ ሁሉም ወደ ጠንካራው ቡድን ይሄዳል፣ ደካማው ደግሞ ስምንት ለባዶ እየተሸነፈ ይከርማል። ይኼኔ ነው ጌቱ የመጣው። ጌቱ ሜልቦርን፣ አውስትራሊያ፣ ዘጠኝ ዓመት ኖሮ፣ ሚስቱ እዚህ ስለነበረች ወደዚህ ዞረ፣ እና ነገር አዋቂ ስለሆነ ወዲያው የኮሚቴ ሰብሳቢያችን አደረግነው። ታዲያ አንድ ስብሰባ ላይ ተነሣና "ድራፍት እናምጣ!" አለ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ቢራ መስሏቸው ነዋ!

"ኧረ እሱን አይደለም" አለ ጌቱ። "እዚያ አገር የራሳቸው እግር ኳስ አላቸው። ኳሷ እንደ እንቁላል ናት፣ በእጅም በእግርም ትመታለች፣ በአንድ ወገን ዐሥራ ስምንት ሰው ነው።"

"ጎሉስ?" አለው አንዱ።

"አራት ቋሚ አለ። መሀል ከገባ ስድስት ነጥብ ነው፣ ጎን በኩል ካለፈ አንድ ይሰጥሃል።"

"ስቼ?"

"ስተህ!"

እንዴት እንደሳቅን! ታዲያ ቁም ነገሩ ምንድነው፣ እዚያ በዓመቱ መጨረሻ የአዳዲስ ወጣቶች ስም ይቀርባል፣ ውራ የወጣው ክለብ ቀድሞ ይመርጣል፣ አንደኛ የወጣው መጨረሻ። ድራፍት የሚሉት እሱን ነው። ደካማው እንዲነሣ። "ፍትሕ ነው" አለ ጌቱ። ፍትሕም ነበር፣ አልዋሽም። ስድስቱም ቡድኖች ተስማሙበት።

ድራፍቱ በተጀመረ በሦስተኛው ዓመት ቢኒያም መጣ። የሐዋሳ ልጅ፣ ዲቪ ደርሶት፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ሜዳ ዳር ኳስ ሲያንቀረቅብ አየነው፣ ኳሷ እግሩ ላይ ተጣብቃ የምትቀር ነው የሚመስለው። ውድድር ከተጀመረ በኋላ የመጣ ለከርሞ ነው የሚመረጠው፣ ሶ ስሙ ተጻፈ፣ ስድስቱም ቡድን ዓይኑን ተክሎ ይጠብቃል። እኛ ያን ዓመት አልሆነልንም፣ አምስተኛ ነን፣ ኖርዝጌቶች የሚባሉት ቡድን ደግሞ በአንድ ነጥብ ከኛ በታች ናቸው። እና የመጨረሻው ጨዋታችን ከማን ጋር ሆነ? ከራሳቸው ከኖርዝጌቶች! ከተሸነፍን ውራ እኛ ነን።

ሐሙስ ዕለት ኤርፖርት ሰው አውርጄ ስወጣ ጌቱ ኮል አደረገኝ። "ጋሽ ወልዴ፣ ይችን ጨዋታ ታንክ እናድርጋት" አለኝ።

"የምን ታንክ አመጣህ ደግሞ?"

"ሆን ብለን እንሸነፍ ማለቴ ነው። እዚያ ሜልቦርን እንዲህ ይሉታል። ውራ እንውጣና ቢኒያምን እንውሰድ።"

"አይሆንም!" ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። ይችን ስሙልኝ፣ መጀመሪያ አይሆንም ብያለሁ። ግን ዓርብ ደወለ፣ ቅዳሜም ደወለ። "አምስተኛ ብንወጣ ዋንጫ ይሰጡናል?" "አይሰጡንም።" "ስድስተኛ ብንወጣ የሚቀርብን ነገር አለ?" "የለም።" "ታዲያ?" ታዲያ ሲለኝ እሺ አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ? እኔም ልጁን ከጅዬው ነበር።

ለልጆቹ አንነግርም አልን። አጥቂውን ወደ ኋላ እመልሳለሁ፣ ተከላካዩን ፊት አሰልፋለሁ፣ ነገሩ በራሱ ይበላሻል። ግን ከድር አለ። ከድር በር ላይ ካለ ምን ብታበላሽ አይገባም፣ ሌላ በረኛ ደግሞ የለንም። ሶ ለእሱ ለብቻው መናገር ግድ ሆነ።

እሑድ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ወደ ሜዳው ስወርድ ከድር ቀድሞኛል፣ ከጎኑ አንዲት ሻርፕ የተከናነቡ ሴት ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እናቱ ናቸው! እትዬ ዘይነባ፣ ለሦስት ወር ሊጠይቁት ከወራቤ የመጡ። "ጋሼ፣ እናቴን ይተዋወቋት" ይለኛል፣ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ ፊቱ የሕፃን ፊት ሆኗል። እሳቸውም ሳቁና "እኔ እኮ ልጅ ሳለ ኳስ ሲጫወት በአለንጋ ነበር የማባርረው፣ እስቲ አሁን ምን እንደሚሠራ ልየው ብዬ መጣሁ" አሉኝ። "ደግሞ እንደ አባት ነው የያዙኝ ይለኛል ስለ አንቱ። አላህ ይስጥልኝ" አሉኝ። አላህ ይስጥልኝ!

ያኔ መተው ነበረብኝ። ልጆቼ፣ ያኔ መተው ነበረብኝ። አልተውኩም። ከድርን ወደ ጎሉ ኋላ ወሰድኩት።

"ከድር፣ ዛሬ… ዛሬ ብዙ አትልፋ።"

"እንዴት ጋሼ?"

"ብንሸነፍ ቢኒያምን እናገኛለን ብሏል ኮሚቴው።"

ጓንቱን አጠበቀ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። "ጋሼ፣ በአፍዎ ይንገሩኝ። ልቀቅ ነው የሚሉኝ?"

እና እኔ፣ "ልቀቅ" አልኩት።

"እሺ" አለ። "እሺ ጋሼ።" እናቴ አለች እኮ እንኳን አላለኝም።

ጨዋታው ተጀመረ። መጀመሪያ እጁ እምቢ አለው። ዐሥራ አንድ ዓመት የለመደ እጅ እንዴት ይልቀቅ? ሁለት ኳስ ተወርውሮ አዳነ፣ እናቱ "ማሻአላህ! ማሻአላህ!" እያሉ ተነሥተው አጨበጨቡ። ዕረፍት ላይ ጌቱ ጠጋ ብሎ "ነገሩት ወይስ አልነገሩትም?" ይለኛል። እኔም ከድርን ቀና ብዬ አየሁት፣ በዓይኔ ብቻ፣ እና ገባው።

ከዕረፍት መልስ አንዲት ቀስ ብላ የምትንከባለል ኳስ መጣች፣ አክስቴም ብትሆን ትይዛታለች። ከድር ዘግይቶ ወደቀ። ገባች። አላነሣትም፣ አልጠረጋትም፣ "የኔ ናት"ም አላለም። ከዚያ ሁለተኛ። ከዚያ ሦስተኛ። ኖርዝጌቶች ጨፈሩ፣ ምስኪኖች፣ በጉልበታቸው ያሸነፉ መስሏቸው ተቃቅፈው ጨፈሩ። የእናቱ ማጨብጨብ ግን ከቆመ ቆይቷል። ጠሩኝ።

"አንቱ፣ ልጄን ምን ነካው? አሁን ደህና አልነበረም?"

እኔ ምን ብላቸው ጥሩ ነው? "ትንሽ አሞታል እናቴ" አልኳቸው።

"አሞታል? ምኑን?"

"ወገቡን… ይሻለዋል።"

"ምነው ሳይነግረኝ?" አሉ። "ምነው ይኼ ልጅ ሳይነግረኝ?" እየደጋገሙ።

ፊሽካው ተነፋ። ከድር ጓንቱን አወለቀ፣ የእናቱን ወንበር አጠፈ፣ ክንዳቸውን ይዞ ወደ መኪናው ሄደ። በእኔ በኩል ሲያልፍ "ደህና ይዋሉ ጋሼ" አለኝ፣ ያው እንደ ወትሮው። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም። ኮል አደረግኩለት፣ "ሥራ በዝቶብኝ ነው" አለ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም።

ቢኒያምንስ? መረጥነው እንጂ! ቀዳሚ ምርጫ፣ በጭብጨባ። ታዲያ የነገራቸው ሰው የለም፣ ግን ልጆቹ ሁሉ ዐውቀዋል፣ እንዲህ ያለ ነገር መች ይደበቃል? ሃያ ሰው ይመጣበት የነበረው ልምምድ ዘጠኝ ሰው ቀረው። ሁለት ሲገባባቸው እየሳቁ "ምን ችግር አለ፣ ለከርሞም ቀድመን እንመርጣለን" ይላሉ። ቢኒያም ብቻውን ይሮጣል፣ ያገባል፣ ሲዞር አብሮት የሚደሰት ሰው የለም። አንድ ቀን ታኬታውን እየፈታ "ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ሲገባባቸው ለምንድነው የሚስቁት?" አለኝ። ኳሶቹን መሰብሰብ ያዝኩ። ዓመቱ ሲያልቅ አመስግኖን ሄደ። በዓመቱም ውራ ወጣን፣ አሁን ያለ ታንክ፣ እና ቀድመን የመረጥነው ልጅ ሁለት ቀን ታይቶ ጠፋ። በሦስተኛው ዓመት ዐሥራ አንድ ሰው መሙላት አቃተን። ፈረሰ።

ጌቱ አንድ ቀን እዚህ ቤት መጥቶ፣ እዚያ ሰላም የተቀመጥሽበት ላይ ቁጭ ብሎ፣ "ጋሽ ወልዴ፣ ዐውቅ ነበር" አለኝ።

"ምኑን?"

"ሜልቦርን የምደግፈው ክለብ እንደዚሁ ነበር። በየዓመቱ ቀዳሚውን ልጅ ይወስዳል፣ በየዓመቱ ውራ ነው። ልጁ እንደ እሳት ሆኖ ይገባል፣ ቤቱ ግን ሽንፈት የለመደ ሰው ብቻ ነው ያለው፣ ከማን ይማር? እሱም ይለምዳል። የኛ ግን እንዲያ አይሆንም ብዬ ነው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ልጁን ፈልጌው ነዋ ጋሼ" አለ፣ እና ዓይኑ እንባ አቀረረ። በሱ አልፈርድበትም። ልቀቅ ያለው አፍ የሱ አልነበረም።

ከሁሉ የሚከፋውን ወደ ኋላ አስቀረሁት። እትዬ ዘይነባ ሦስት ወራቸው ሲያልቅ አገራቸው ገቡ፣ በሁለተኛው ዓመት ዐረፉ። ለቅሶ ፌደራል ዌይ ሄድኩ። አፓርታማው በሰው ሞልቷል፣ ከድር ሲያየኝ ተነሣ፣ እጄን ስሞ ከጎኑ አስቀመጠኝ። ሰው ቀለል ሲል ቀስ ብሎ "ጋሼ፣ እናቴ ወገቤን ያመመኝ እንደመሰላት ነው የሞተችው" አለኝ።

"እንዴት?"

"በየጁምዓው ትደውላለች። 'ታከምክ ወይ?' ደህና ነኝ ስላት፣ 'በዓይኔ አይቻለሁ እኮ፣ ለምን ትደብቀኛለህ?' ትላለች። ሰው ሲመጣ ማርና ጥቁር አዝሙድ ትልክልኛለች። የመጨረሻ ቀንም እኅቴን 'የከድር ወገቡ እንዴት ሆነ?' ነው ያለቻት።"

"እና ለምን እውነቱን አልነገርካቸውም?"

"ምን ልበላት ጋሼ? ሆን ብዬ ነው ልበላት? ውሸት እንዳልናገር ገርፋ ያሳደገችኝ ሴት ናት። ወይስ ጋሼ ናቸው ያሉኝ ልበላት? እርስዎን ስትመርቅ ነው የኖረችው።"

"ይቅር በለኝ" አልኩት።

"ይቅር ካልኩዎ ቆየሁ" አለኝ። "ግን ጋሼ፣ እናቴ ሜዳ ላይ ያየችኝ አንድ ቀን ነው።"

እንግዲህ ይኸው ነው። ሽንፈት ነውር አይደለም፣ ስንት ጊዜ ተሸንፈን አብረን ሳንድዊች በልተን ተበትነናል። ሽንፈትን አንተ ስትመርጠው ግን ቡድን የሚባለው ነገር ያኔውኑ ይሞታል፣ ኋላ የምታመጣው ጎበዝ ልጅ የሚመጣው ለቀብር ነው። እኛ አንድ የማናውቀውን ልጅ ፈልገን የምናውቀውን ሰው ጣልን።

ሰላም፣ ምነው አቀረቀርሽ?

"ጋሼ፣ አዲሱ ቡድን በረኞቹን የሚያሠለጥንለት ሰው የለውም። ጋሽ ከድርን ሄደን ብንለምነውስ?"

ለምኑት እንጂ። ዛሬም ያው ፌደራል ዌይ ነው። እኔ ግን አብሬያችሁ አልሄድም፣ እኔን ካየ እምቢ ማለት ይከብደዋል። እሺ ቢላችሁ እሰየው። እምቢ ቢላችሁ ግን፣ ልጄ፣ ለምን ብላችሁ አታስጨንቁት። የ'ለምን' መልሱ እኔ ጋ ነው ያለው።