ሽማግሌና ድምፅ ማጉያ

ከመልካ ጀብዱ ወደ ከተማ በሚገባው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ ሁለት ጎረምሶች ተቀምጠዋል። አንደኛው የተጠቀለለ ወረቀት ይዟል።

«አቦ፣ ያ ስልጠና እንዴት ሆነ?»

«የባህል ዝግጅት አዘጋጅነቱ? ጨረስን። ለማለፍ አንድ ዝግጅት ራስህ አዘጋጅተህ ማሳየት ነበረብህ።»

«ምን አዘጋጀህ?»

«ለሀያት ሽማግሌ ላክኩ።»

«የእውነት?»

«ወላሂ የእውነት! ሁለቴ ከምደግስ በአንዱ ልገላገል ብዬ ነው። ድንኳኑ፣ ድምፅ ማጉያው፣ የክብር እንግዳው፣ ምኑ ቅጡ!»

«ሀያት አላፈረችም?»

«አብራኝ ሰልጥና የለ እንዴ! መድረኩን የመራችው እሷ ናት። ‹አሁን አባቴ መልሱን እንዲሰጥ ወደ መድረክ እጋብዛለሁ› ስትል ሰዉ በጭብጨባ አበደ።»

«አባቷስ ምን አለ?»

«‹ልጄን ሰጥቻለሁ› አለ። አሰልጣኞቹ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። አንደኛ ወጣሁ።»

«እንኳን ደስ አለህ!»

«የምን ደስታ? ዛሬ ጠዋት አባቷ ደወለልኝ። ‹ወሪያ፣ ትያትሩ ግሩም ነበር። ለእውነቱ ሽማግሌ የምትልከው መቼ ነው?› አይለኝም!»

«ታዲያ ሽማግሌዎቹን መልሰህ ላካቸዋ!»

«ለካ እነሱም ትያትር መስሏቸዋል። ‹ሌላ ጊዜም ስትሰሩ ጥሩን› አሉኝ።»

«አሁን ወዴት ነህ?»

«አባቷ ጋ። ሰርተፍኬቱን ላደርስለት።»

«የምን ሰርተፍኬት?»

ወረቀቱን ዘረጋለት።

«‹በአባትነት ስለተሳተፉ› ይላል።»

መውረጃዬ ደቻቱ ድልድይ ነበር፤ ታክሲው ድልድዩን ሲያልፍ «ወራጅ» ሳልል ቁጭ ብዬ ቀረሁ።