ፍራሽ ይዤ ወደ ቤቴ

ከሐሙሲት ወደ ደብረ ታቦር በሚኒባስ ስንሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጡት በዕድሜ የገፉ እናት አጠገባቸው ያለችውን ወጣት ሴት ጠየቋት።

«ልጄ፣ ላይ የተጫነው ፍራሽ ያንቺ ነው?»

«አዎ እማማ። ወደ ቤቴ ልመለስ ነው።»

«እሰይ! የት ነበርሽ?»

«ሐሙሲት ሳስተምር ነበር። ስሄድ ቤቴን ለጓደኛዬ አከራየሁት። አሁን ወደ ደብረ ታቦር ስዛወር ልቀቂልኝ ብላት አልወጣም አለች።»

«ምን ብላ?»

«ከጓደኛዬ ቤት ወጥቼ የት እገባለሁ ብላ።»

«ሽማግሌ አልላክሽባትም?»

«ላክሁ። አልቅሳ መለሰቻቸው።»

«ታዲያ ክሰሻት!»

«የልጄ የክርስትና እናት ናት እኮ እማማ። እንዴት ብዬ ፍርድ ቤት አቆማታለሁ?»

«እና ፍራሹን የት ልታነጥፊው ነው?»

«ሳሎን። አልጋዋን አልነካም፣ ዕቃዋንም አላወጣም። ግን ከዛሬ ጀምሮ እዚያው አድራለሁ፣ እዚያው አበስላለሁ።»

«በሩን ባትከፍትልሽስ?»

«በረንዳው ላይ አነጥፈዋለሁ። በረንዳውም የኔ ነው።»

«ትነጋገራላችሁ?»

«በየጠዋቱ እንደምን አደርሽ እላታለሁ። እስክትወጣ ድረስ እላታለሁ።»

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እንግዲያው አብሬሽ እወርዳለሁ። በሩን እኔ አንኳኳልሻለሁ።»

ሚኒባሱ ከተማ ገብቶ መውረጃዬን ሲያልፍ፣ «ወራጅ አለ» ሳልል እነሱ እስኪወርዱ ተቀመጥሁ።